አገር ሳይሰጡ መልስ አይነገርም

በግቢያችን ሁለት ዓይነት የፊልም ወዳጅ አለ። አንደኛው ፊልሙን ያየ ነው፤ ሁለተኛው ያየው ሰው የነገረው ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ መኝታ ክፍል ካደሩ ጠብ አይጠፋም። አንዱ ለቅዳሜ ማታ ብሎ በስልኩ ጭኖ ያቆየውን ፊልም፣ ሌላው ዐርብ በምሳ ሰልፍ ላይ «እሱን ፊልም ነው? እሱማ ገዳዩ የገዛ ወንድሙ ነው እኮ!» ብሎ ይዘረግፍለታል። «ኧረ ባክህ ዝም በል! ማን ጠየቀህ?» ይላል ባለ ቅዳሜው። «ምን አደረግሁህ? ፊልም እኮ ነው፤ የእውነት አይደል» ይላል ዘርጋፊው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ኩርፊያ ነው።

መቼም ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ነው። ፈተና ደርሶ፣ ፕራክቲከም ደርሶ፣ ስለ ፊልም መጨረሻ መጨቃጨቅ ሥራ ፈትነት ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ነገሩ መምህር ለመሆን ለሚዘጋጅ ሰው ትንሽ አይደለም እላለሁ። መልስን መቼ መናገር፣ መቼስ በሆድ መያዝ እንደሚገባ ማወቅ የሙያችን ግማሹ ነውና። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው።

በመጀመሪያ፣ በዚህ በእኛ አካባቢ ፊልም እንዴት እንደሚታይ እናስታውስ። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሐረር በሚሄድ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከሹፌሩ በላይ በተሰቀለችው ስክሪን ፊልም ይከፈታል። አሰቦት ላይ ልጅቷ ትታመማለች። ሚኤሶ ላይ ልጁ ይታሰራል። አውቶቡሱ ዳገቱን ወጥቶ ጭሮ ሲገባ፣ ዳኛው ፍርዱን ሊያነብ ወረቀቱን አንስቶ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ «ወራጅ አለ!» ይባላል። 325 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ የአሰበ ተፈሪ ሰው ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል፤ ፍርዱ ወደ ሂርናና ወደ ቁልቢ ይሄዳል። እንዲህ ያለው መንገደኛ በሌላ ቀን ከሐረር የመጣ ሰው አግኝቶ «እባክህ፣ ያ ልጅ ተፈታ ወይስ አልተፈታም?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል? የሚነግረውስ ሰው ምን በደል ሠራ? በጎ አደረገ እንጂ።

እንግዲህ መጨረሻን መናገር ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም ማለት ነው። ደግሞም በገለምሶ ይሁን በበዴሳ፣ በሂርና ይሁን በሚኤሶ፣ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያደገ ሰው ሁሉ አንድ የታወቀ ሕግ ያውቃል፤ «አክተሩ አይሞትም» ይባላል። የሕንድ ፊልም ቢሆን፣ የቻይና ካራቴ ቢሆን፣ አክተሩ እንደማይሞት ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ግን ሃያ ሰው ሲከበው የቤቱ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳል፤ «ከኋላህ! ከኋላህ!» ይላል፤ ላብ ያጠምቀዋል። መጨረሻውን ማወቅ ደስታን የሚገድል ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጩኸት ከየት መጣ?

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት መልሱ ከሩቅ አይደለም፤ እሳት ዳር ተቀምጠን ያደግንባቸው ሁለት ነገሮች ይነግሩናል። አንዱ ተረት ነው፤ ሁለተኛው እንቆቅልሽ ነው።

ተረትን ልብ በሉ። አያታችን የጦጣንና የአንበሳን ተረት ስንት ጊዜ ነገሩን? ጦጣ እንደምታመልጥ እናውቃለን። ዳሩ ግን «ያንኑ ይድገሙልን» እንላለን። የተረት ጣዕሙ አነጋገሩ ላይ ነው። የአያት ድምፅ ሲወፍር፣ ዓይናቸው ሲፈጥ፣ አንበሳው ሲያገሳ ነው ደስታው። እንቆቅልሽ ግን ሌላ ነው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እንላለን፤ ጥያቄው ይቀርባል፤ ያስባል፣ ይሞክራል፣ ይሳሳታል። ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። «ጎንደርን ሰጠሁህ» ይላል። ጠያቂውም ጎንደር ገብቶ ነግሦ፣ ተቀማጥሎ፣ ከዚያ በኋላ ነው መልሱ የሚነገረው። በኦሮምኛ ሂቦ የሚባለውንም የተጫወታችሁ ልጆች እንቆቅልሽ ሳይታሰብበት ከተመለሰ ጨዋታው እንደሚፈርስ ታውቁታላችሁ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚህች ጨዋታ ውስጥ ትልቅ ሥርዓት አስቀምጠዋል። የመልሱ ጊዜ የሚደርሰው አድማጩ ራሱ ተሸነፍኩ ብሎ አገር ሲሰጥ ብቻ ነው። ጠያቂው መልሱን ስላወቀ ብቻ የመናገር መብት የለውም። አጠገቡ የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው መልሱን ቢያፈተልክ ደግሞ ሁለቱም ይቆጡታል፤ የአንዱን ማሰቢያ፣ የሌላውን አገር ወስዷልና።

እኔ የምለው ይህ ነው። ፊልምም ተረት የሆነ አለ፤ እንቆቅልሽ የሆነ አለ። ተረቱን ፊልም መጨረሻውን ብትናገር ብዙ አይጎዳም። እንቆቅልሹን ግን አገር ሳይሰጥህ ከተናገርክ፣ የሌላውን ሰው ማሰቢያ ቀማኸው ማለት ነው።

ምሳሌ ከአገራችን ላምጣ። የመጀመሪያው ረዥም የአማርኛ ልብ ወለድ ፊልም ሆኖ የሚቆጠረው በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሒሩት አባቷ ማን ነው?» ነው። ስሙን ተመልከቱት፤ ጥያቄ ነው። ሲኒማችን ገና ሲወለድ «እንቆቅልህ» ብሎ ነው የተወለደው ማለት ይቻላል። ትኬት ቆራጩ በር ላይ ቆሞ የአባትዮውን ስም ለገቢው ሁሉ ቢያድል ኖሮ ፊልሙ ምን ይተርፈው ነበር?

በአንጻሩ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያወጡትን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንመልከት። መጽሐፍ ነው፣ ግን ለነገራችን ይረዳል። መጨረሻው የት ነው? ሽፋኑ ላይ! ደራሲው ፍቅሩ የሚደርስበትን ቦታ በስሙ ነግረውን ጀመሩ። ሆኖም ይኸው እስከ ዛሬ ይነበባል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከውማ መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰው ሰው ሳይቀር ሬዲዮው ሥር ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ያ ሰው የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት፣ የጉዱ ካሳን ነገር ማወቅ አልነበረም ፍላጎቱ፤ ያውቀዋል። የፈለገው እንዴት እንደሚነገር መስማት ነው። ይህ ተረት ነው፤ ትልቅ ተረት።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ባለታሪኩ አንበርብር ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ አንድ እግሩን አጥቶ ነው። ይህን ገና ከጅምሩ እናያለን። ውጤቱ ተነገረን፤ ምክንያቱ ተደበቀ። እንዴት አጣው? የት? በማን እጅ? እነዚህን እየጠየቅን ነው ፊልሙን የምንከተለው። መልሱን እዚህ ሰሌዳ ላይ አልጽፈውም። የፈለገ አገር ይስጠኝ፤ ሐረርን ካልሆነም አልቀበልም!

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት»ም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። የተሠራው በእውነተኛ የጠለፋና የፍርድ ቤት ታሪክ ላይ በመሆኑ ብዙ ሰው ፍርዱን አስቀድሞ ሰምቶ ነው የገባው። ተጎዳ ወይ? አልተጎዳም። የተመልካቹ ጭንቀት ያቺ ልጅ ፊት ላይ ነው፤ ጠበቃዋ ከሕግና ከልማድ መካከል እንዴት እንደምታልፍ ነው። ርእሱ ራሱ ሁለት ትርጉም አለው፤ ጀግንነትም ነው፣ በደልም ነው። ይህን ቃል ክፍል ውስጥ አንስተን ብንወያይበት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይበቃን ይሆን? እጠራጠራለሁ።

ወደ ሰፈራችን ስንጠጋ ደግሞ የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በጥቁርና ነጭ የተነሣ፣ በሐረርና በአካባቢዋ ያለውን የጫት ሥራና አገር ጥሎ ለመሄድ የሚያስቡ ወጣቶችን የሚያሳይ ፊልም ነው። ይህን ፊልም ዘርጋፊ ቢመጣ ምን ይዘረግፋል? ጭስ፣ ጭጋግ፣ የሰው እጅ፣ የዝምታ ጊዜ። በወሬ የማይወጣ ፊልም ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። አልፍሬድ ሒችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያወጣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው እንዳይገባ አስከለከለ፤ ያዩትንም መጨረሻውን እንዳትናገሩ ብሎ በማስታወቂያ ለመነ። ለንደን ውስጥ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲታይ የኖረው የአጋታ ክሪስቲ ትያትር «የአይጥ ወጥመድ» ሲያልቅ ደግሞ፣ ከተዋናዮቹ አንዱ ተመልካቹን ምስጢሩን በሆዳችሁ ያዙት ብሎ ይማጸናል። ስንትና ስንት ሺህ ሰው አደራውን ይዞ ወጥቷል።

በሌላ በኩል ጆናታን ሌቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁራን፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናት አውጥተው ነበር። ለተማሪዎች 12 አጫጭር ታሪኮች አስነበቡ፤ ለከፊሎቹ መጨረሻውን አስቀድመው ነገሯቸው። መጨረሻውን ያወቁት ታሪኩን እንዲያውም የበለጠ ወደዱት። ዘርጋፊዎቻችን ይህን ሲሰሙ እጃቸውን እንደሚያጨበጭቡ አውቃለሁ። ቆይ፣ አይቸኩሉ! በኋላ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች ተቃራኒውን ያገኙበት ጊዜ አለ። ደግሞም መውደድና ማሰብ አንድ አይደሉም። አንድ ተማሪ መልሱ የተጻፈለትን የሒሳብ ጥያቄ ከራሱ ጥያቄ የበለጠ ሊወደው ይችላል፤ ሒሳቡን ተማረ ማለት ግን አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ወደ ሙያችን የምመለሰው። በአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ከምንባቡ አስቀድሞ የቅድመ ንባብ ጥያቄ እንደሚቀርብ ሁላችንም እናውቃለን። «ርእሱን ተመልክታችሁ ታሪኩ ስለምን እንደሚናገር ገምቱ» ይላል። ለምን ይመስላችኋል? ልጁ ሲገምት አእምሮው ይነቃል። ሲያነብ ግምቱን ከታሪኩ ጋር ያመዛዝናል። ቢሳሳት «እንዴት?» ይላል። ትምህርት ማለት ያቺ «እንዴት?» ናት። መምህሩ ገና ከበር ሲገባ «ልጆች፣ ዛሬ የምናነበው ላሟ ስለሞተችበት ገበሬ ነው፣ በኋላ ግን ጎረቤቶቹ አዋጥተው ሌላ ይገዙለታል» ቢል፣ ቅድመ ንባቡን ገደለው። ምንባቡም በድን ሆኖ ይነበባል። ዛሬ በምሳ ሰልፍ ላይ መልሱን መያዝ ያቃተው ሰው፣ ነገ በአርባና በሃምሳ ልጅ ፊት ቆሞ መልሱን ይይዛል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ከዚህም የከፋ አንድ ነገር አለ። ስለ ፊልም ስንነጋገር ከመጨረሻው በቀር የምንለው የለንም። በበርጫውም ይሁን በሻይ ቤቱ ወሬያችን «ከዚያ ሄደ፣ ከዚያ መታው፣ ከዚያ ሞተች» ነው። ይህን ከተናገርን በኋላ «እንዴት ነበር?» ብንባል «አሪፍ ነው» ወይም «አይረባም» እንላለን። ዘረገፍን እንጂ አስተያየት አልሰጠንም። እንደ እኔ ከሆነ፣ መዘርገፍ የሚበዛው ሐሳብ ሲያንስ ነው።

አስተያየት ሳይዘረግፉ እንደሚሰጥ ለማሳየት አንድ ፊልም ልውሰድ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ዋና ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ አባቱ ከዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ልጁ ጩኒ የምትባል በጉን ከነፍሱ ይወዳል። አጎቱ ደግሞ ለበዓል እረዳት ይለዋል። ዘርጋፊ ቢሆን ወዲያው «ታረደች» ወይም «አልታረደችም» ይላል፤ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። አስተያየት ሰጪ ግን እንዲህ ይላል። «ልጁ ምግብ ማብሰል ይወዳል፤ ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ምን ይሠራል ተብሎ ይነቀፋል። ፊልሙ በዚህ ማንን ነው የሚወቅሰው? አጎትየው ክፉ ሰው ነው ወይስ ችግር ያስጨነቀው ሰው? ተራራው እንዲህ አምሮ ሲታይ ረኃቡ ተሸፈነ ወይስ ጎላ?» እንዲህ ቢባል ያላየው ሰው ለማየት ይጓጓል፤ ያየውም «አይ፣ እኔ አልስማማም» ይላል። ጩኒም በሰላም ትቆያለች፤ ቢያንስ እኛ ዘንድ።

በስልኮቻችን ላይ የበዛውንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። የሁለት ሰዓት ፊልም በአሥራ አምስት ደቂቃ ተርከው የሚጨርሱ ቻናሎች በአማርኛም ሞልተዋል። ተከታታይ ድራማም እንደዚያው ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ፣ የሚቀጥለውን ክፍል በቱርክኛው ቀድሞ አይቶ ለሰፈሩ የሚያድል ሰው በየከተማው አይታጣም። እንግሊዝኛው ለሚከብደው፣ ዳታ ለሚያልቅበት ሰው አጭር ትረካ ጥቅም የለውም አልልም። ግን አሥራ አምስት ደቂቃ ሰምቶ «አየሁት» ማለት፣ የመጽሐፍን ማውጫ አንብቦ «አነበብኩት» እንደ ማለት ነው። የአገራችን ፊልም ሠሪም ለፍቶ የሠራው ሥራ ገና ሳይታይ በትረካ ቢያልቅበት፣ ሁለተኛ ፊልም የሚሠራበትን ከየት ያመጣል?

አሁን «እንግዲያው ሁላችንም አፋችንን እንያዝ?» የሚለኝ ይኖራል። በፍጹም! ከዘርጋፊ ያላነሰ የሚያስቸግር ሰው አለ፤ ገና የፊልም ስም ሲነሳ ጆሮውን ይዞ «እንዳትነግሩኝ!» የሚለው። እሱ እስኪያይ ድረስ ሌላው ሰው ሁሉ ዲዳ ሆኖ እንዲቆይ ይፈልጋል። ይህም ትክክል አይደለም። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ ዓ.ም. የሠሩት «ጉማ» በኦሮሞ ባሕል ስለሚታወቀው ስለ ደም ካሳና በቀል የሚያነሣ ፊልም ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የጉማ ሽልማት ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ስለ ደም ማድረቅና ስለ ዕርቅ በክፍል ስንወያይ ፊልሙን ከነመጨረሻው ብናነሣ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ «ለምን ነገራችሁኝ?» የሚል ሰው ክሱ ውድቅ ነው።

ደግሞም ፊልሙን የማየት ዕድል የሌለው ሰው አለ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ የምንመደበው ከዋናው መንገድ ርቆ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። መብራት የማይደርስበት፣ ኔትዎርክ ለማግኘት ኮረብታ የሚወጣበት ቦታ አለ። በዚያ ቦታ መምህሩ ራሱ ሲኒማ ነው። ተማሪዎች ከበውት «መምህር፣ ከተማ ያዩትን ይንገሩን» ቢሉት፣ ይንገራቸው! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በእጅ በእግሩ፣ ድምፁን እየለዋወጠ ይንገራቸው። እንዲህ ያለው ሰው ተራኪ ነው፤ ዘርጋፊ ብሎ ስም ማውጣት ነውር ነው። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ተራኪ ለሌለው ይሰጣል፤ ዘርጋፊ ካለው ሰው ይቀማል።

ስለዚህ ለግቢያችን የፊልም ወዳጆች ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ ከመናገር በፊት «ልታየው አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ። አንዲት ጥያቄ ናት፤ ገንዘብ አታስወጣም። «አላየውም፣ ንገረኝ» ካለ አገር ሰጠ ማለት ነው፤ ይነገረው።

ሁለተኛ፤ በአንድ መኝታ ክፍል አንድ ስልክና አንድ ሜሞሪ ካርድ ለሚፈራረቁ ሰዎች አንድ ሳምንት ጊዜ መስጠት። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ማንም አይዘርግፍ። ሳምንቱ ካለፈ ግን ውይይቱ ይከፈት፤ ያላየም ካኮረፈ በራሱ ይፍረድ።

ሦስተኛ፤ ስለ አንድ ፊልም የሚናገር ሰው ሁሉ፣ ከታሪኩ ሌላ ቢያንስ አንድ የራሱን ሐሳብ ይጨምር። ተዋናዩ አሳመነህ? ካሜራው ምን አሳየ፣ ምንስ ደበቀ? ፊልሙ ያነሣውን ጥያቄ በሐቅ መለሰው ወይስ በአጋጣሚ ሸወደን? ይህችን የለመደ ሰው ፕራክቲከም ወጥቶ የክፍል ጓደኛውን ትምህርት ሲመለከት፣ «ጥሩ ነበር» ብቻ ብሎ አይቀመጥም።

እንዲያው ለነገሩ መምህራኖቻችንም ከዚህ ነገር ነፃ አይደሉም። የፈተናውን ጥያቄ ባይነግሩንም፣ የመጽሐፉን መጨረሻ ገና ሳናነበው በመግቢያው ክፍለ ጊዜ የሚነግሩን አሉ። በአክብሮት እንለምናቸዋለን፤ እባክዎን መምህር፣ እኛም አገር እስክንሰጥ ይታገሡን!

በዚህ የማይስማማ ካለ፣ በተለይም ከዘርጋፊዎቹ ወገን፣ መልሱን ጽፎ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ይለጥፍ። ቦታው አለ፣ መርፌ ቁልፉም አለ። አደራ የምለው አንድ ብቻ ነው፤ ምሳሌ ብሎ የሰሞኑን ፊልም መጨረሻ እንዳይጽፍብን።